እትዬ ፕሮቲንና ነጥብ አሥራ አራት

ሌላው ሰው ካልበላ የማትጠግብ ሴት የሌለችበት መሥሪያ ቤት የለም። «እኛ ጋ የለችም» የሚል ካለ፣ ወይ ሥራ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው፣ ወይ ደግሞ ተናጋሪዋ እሷው ራሷ ናት። ታውቋታላችሁ። ጠዋት በበሩ ከእሷ ቀድሞ የሚገባው ፌስታሏ ነው። «እንዴት አደርክ» ብላ አትጀምርም፤ «ቁርስ በላህ?» ነው የምትለው። በልቻለሁ ብትሏት አታምንም። አልበላሁም ካላችሁማ አለቀላችሁ፤ የዚያን ቀን ሥራችሁ መብላት ነው።

የኛዋ ግን ከሁሉም ትለያለች። ሌሎቹ የሚያበሉት እንዲጣፍጣችሁ ነው፤ የኛዋ የምታበላው ጡንቻ እንድታወጡ ነው።

የምሠራው ቅየሳ ክፍል ውስጥ ነው። ቀያሽ ማለት መንገድ ከመሠራቱ በፊት መንገዱ የሚያልፍበትን ዳገትና ቁልቁለት በእግሩ ዞሮ የሚለካ፣ ችካል የሚተክል፣ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ነው። ሦስት ሆነን ነው የምንወጣው። እኔ መሣሪያው ላይ ዓይኔን ሰክቼ እቆማለሁ፤ ዘንግ ያዡ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ይዞ ከማዶ ይቆማል፤ ሹፌሩ ደግሞ ጥላ ሥር ሆኖ ሁለታችንን ይተቻል። መሣሪያውን ሰኞ ጠዋት የሚሰጠን፣ ዓርብ ስንመለስ የሚቀበለን ግምጃ ቤቱ ነው። በግምጃ ቤቱ መስኮት ውስጥ የተቀመጠችው ክብርት የዕቃ ኃላፊ፣ የባትሪዎች ጠባቂ፣ የጎማ ቦቲዎች እመቤት፣ የችካልና የመዶሻ የበላይ አዛዥ ናት። በሌለችበት «እትዬ ፕሮቲን» እንላታለን። ስሙን ያወጣላት ሹፌሩ ነው። ጆሮዋ የገባ ቀን ትቆጣለች ብለን ስንፈራ፣ እሷ እቴ! እንደ ሹመት ተቀበለችው። «ታዲያ እትዬ ስኳር ልባል ኖሯል?» አለች አሉ።

ሰኞ ሰኞ ማፊን ጋግራ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ዘንግ ያዡ ተሳስቶ «ኬኳ ደረሰች?» ብሎ ጠየቀ። ምነው አፉን በቆረጠው! «ኬክ? ኬክ ያልከው ምኑን ነው? ኬክ ለተቀመጠ ሰው ነው። ይቺ ማፊን ናት፤ ለሚንቀሳቀስ ሰው!» ብላ ሩብ ሰዓት አቁማ አስተማረችው። ውስጡ እንቁላል አለ፣ የሽምብራ ዱቄት አለ፣ አይብ አለ፣ ከዚያ የሳምንቱ አትክልት ይገባል። አንድ ሳምንት ካሮት፣ አንድ ሳምንት ቆስጣ፣ አንድ ሳምንት ዝኩኒ፣ ሲከፋ አበባ ጎመን። ስኳር የለም፣ ቅቤ የለም፣ ምሕረትም የለም። «አንዷ ስምንት ግራም ፕሮቲን!» ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ሰምቶ እንዳይቀናብን።

የቀይ ሥሩን ሳምንት መቼም አልረሳውም። ማፊኗ ደም መስላ መጣች። በላን፤ ምን ምርጫ አለን? በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ከሽንት ቤት ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ልጆቹን አደራ ሊለኝ እጄን ያዘኝ። እትዬ ነገሩን ሰምታ እስክትነግረን ድረስ አላወቅንም፤ ለካ ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ይቀላል! «አይዞህ፣ ሰውነትህ ተቀብሎታል ማለት ነው» አለችው። ሹፌሩ እስከ ዛሬ ቀይ ነገር ሲያይ ይደነግጣል።

አሠራሯ እንዲህ ነው። መሣሪያ ለማውጣት ቅጽ ይሞላል። ቅጹን ሞልታችሁ በመስኮቱ ስታስገቡ በዚያው መስኮት ማፊኗ ትወጣለች። ካልገመጣችሁ ፊርማ የለም። «ግመጣት እስቲ፣ ዓይኔ እያየ!» ትላለች። ዓይኗ አፋችሁ ላይ ይተከላል። ስታኝኩ አብራችሁ ታኝካለች፤ ስትውጡ አብራችሁ ትውጣለች። ከዚያ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትጠብቃለች። የሚባለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ «እጅሽ ይባረክ እትዬ!» ቃሉ ከዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። እሷ ግን ፊቷ በርቶ፣ «ልጄ፣ ጡንቻ ከሰማይ አይወርድም!» ብላ ሁለተኛዋን በኪሳችሁ ትከታለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ማፊኗ ደረቅ ናት። ደረቅ ስላችሁ የዋዛ ድርቀት አይምሰላችሁ። ሻይ ውስጥ ብትነክሯት ሻዩ ያልቃል እንጂ እሷ አትርስም። ጥርሴን የሚያክመኝ ሐኪም «ድንጋይ ትቆረጥማለህ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኝ፣ የሥራ ባልደረባዬን አሳልፌ ላለመስጠት አዎ ብያለሁ።

እና ሁሉም የየራሱ መላ ነበረው። ሹፌሩ ከመኪናው ወንበር ሥር ያጠራቅም ነበር። እኔ አንድ ቀን ለጥበቃው ውሻ ወረወርኩለት። አሸተታት፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደገና አሸተታት፤ ከዚያ አጥር ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ አጥቦ አወጣት። እንደተቀበረች ነበረች። የክፍሉ አለቃ ደግሞ ብልጥ ናቸውና «እኔስ ስኳር ስላለብኝ ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ። እትዬ ደረቷን ደቃች። «እኔን! ታዲያ ይሄ ለማን የተጋገረ መሰለዎት? ቅንጣት ስኳር የለበትም እኮ! ለእርስዎ የታዘዘ ነው!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁላችንም የሚደርሰን ሁለት ሁለት ሲሆን የአለቃችን ሦስት ሆነ።

ግምጃ ቤቱ በር ላይ አንድ ሠንጠረዥ ለጥፋለች። የያንዳንዳችን ኪሎ፣ በቀን የምንሄደው እርምጃና የሚያስፈልገን ፕሮቲን በግራም ተጽፎበታል። ከየት አመጣችው አትበሉኝ፤ ስለ ንቁ ሰዎች አመጋገብ አንድ መጽሐፍ አላት፣ ከመዝገብ እኩል ትጠብቀዋለች። በዚህ ምክንያት የኔን ኪሎ ደብዳቤ የሚያመጣው ሰውዬ እንኳ ያውቀዋል። ባለፈው «ቀነስክ እንዴ?» አለኝ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛዋ ማፊን ሳትመጣብኝ ላምልጥ ብዬ ቅጹን ሳላነብ ፈርሜ ወጣሁ። ማፊኖቹ ግን አላመለጡኝም፤ በሹፌሩ በኩል ተልከው መኪና ውስጥ ጠበቁኝ። ያመለጡኝ ሳንቃዎቹ ናቸው። መሣሪያው የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር መቆሚያ አለ፤ መሬቱ ጭቃ ሲሆን እግሮቹ እንዳይሰምጡ ከሥራቸው ሳንቃ ይደረጋል። ቅጹ ላይ ተጽፎ ነበር። ማን አነበበው?

ማክሰኞ ዕለት ረግረግ ሜዳ ላይ ደረስን። ነጥብ አሥራ አራት እዚያው መሃል ላይ ነው። ሁለቱ እግሮች ድንጋይ አገኙ። ግራው እግር ግን ቀስ እያለ ይሰምጣል። እኔ አስተካክላለሁ፣ እሱ ይሰምጣል፤ አስተካክላለሁ፣ ይሰምጣል። ውኃ ልኳ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ አልቆም አለች። ሳንቃ ለማምጣት ሁለት ሰዓት መሄድ፣ ሁለት ሰዓት መመለስ ነው። ሹፌሩ «እኔ የለሁበትም» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛ። ቆሽቴ አርሮ እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት ማፊኗን ነካሁ።

ዘንግ ያዡ አየኝ። አየሁት። «ጋሼ፣ አይደረግም!» አለ። ተደረገ።

እግሩን አነሳሁና ማፊኗን ከሥሩ አስቀመጥኩ። አረፋዋ ተንሸራታ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ለካን። ከላይ ዘጠኝ ኪሎ መሣሪያ አለ፣ ከታች ጭቃ አለ፣ መሃል ላይ የእትዬ ዝኩኒ አለ፤ ፍንክች አላለችም። ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ ተንበርክኮ አያትና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ያ ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበር። የሙያችን ሕግ ግን ልኬቱን ሊነካ የሚችል ነገር ሁሉ ይጻፍ ይላል። ነፋስ ከነፈሰ ይጻፋል፤ ላም መጥታ ችካሉን ከነካች ይጻፋል። የመስክ ደብተሩ የመጨረሻው ዓምድ «ምርመራ» የሚባለው ለዚህ ነው። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ጻፍኩ፦ «ነጥብ 14። ግራ እግር በማፊን ላይ። 3 ሰዓት ከ30። አልሰመጠም።»

«ጋሼ፣ ይሄ ይጻፋል እንዴ?» አለ ዘንግ ያዡ።

«የሆነው ነው የሚጻፈው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት በዚህ ሕግ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል። ዓርብ ከሰዓት፣ ሥራውን ጨርሰን ስንመለስ፣ ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ «ለመሆኑ ያ ደብተር አሁን የሚገባው የት ነው?» አለኝ። ደብተሩ የሚገባው ግምጃ ቤት ነው። እትዬ እጅ። እሷ ደግሞ የተረከበችውን ደብተር ገጽ በገጽ ገልብጣ፣ ጎደለ አልጎደለ ብላ፣ ምርመራውን ሁሉ አንብባ ካልሆነ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጥም።

የመስክ ደብተር አይፋቅም። አይቀደድም፤ ገጹ በቁጥር ነው። የተሳሳተ ነገር ካለ በአንዲት ቀጭን መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ያለው ግን መነበብ አለበት፣ ከጎኑ ይፈረማል። ስለዚህ ብሰርዘው «እዚህ ጋ አንብቢ» ብዬ እንደ መጠቆም ነው። «ወንዝ ውስጥ ወደቀብኝ በል» አለ ሹፌሩ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ደብተር ጥዬ አላውቅም፤ ደግሞስ በዚያ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» ላይ ሌላ ውሸት ልጨምር? ወሰድኩና ሰጠኋት።

አውራ ጣቷን በምላሷ እያራሰች ገለበጠች። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ ላይ ጣቷ ቆመ። እኔ የጎማ ቦቲዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ሌላ ጊዜ ዓርብ ዓርብ «ለራት ምን ትበላለህ?» ብላ ሳትጠይቅ አትለቀኝም። ደብተሩን ዘጋችው። «ተረክቤያለሁ» የሚለውን ማኅተም መታች። «ደህና ዋል» አለችኝ።

ሰኞ ማፊን አልነበረም። ቅጹን አስገባሁ፤ ፈረመች፤ መሣሪያውን ሰጠችኝ። ሳንቃዎቹን ሳልጠይቅ ከላይ ደርባልኛለች። «የጎደለ ነገር አለ?» አለች። «የለም» አልኩ። ነበረ እንጂ!

ሁለተኛውም ሰኞ እንዲሁ አለፈ። እኛም ነፃ ወጣን፤ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉት ደረሰብን። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን እጄ ራሱ ወደ ኪሴ ይሄዳል፤ ባዶ ነው። ሹፌሩ ብስኩት ገዝቶ መጣ፤ ጣፈጠን፣ ከሰዓት በፊት ግን ጉልበታችን አለቀ። ዘንግ ያዡ ከማዶ ዘንጉን እንደያዘ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ልኬት አቋረጠብኝ። ሄጄ ስቆጣው፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እኔ እኮ እበላት ነበር» አለኝ። «ሁሉንም። ሹፌሩ ከወንበር ሥር የሚያስቀምጠውንም ጭምር።» የክፍሉ አለቃ በሳምንት ሦስት ጊዜ እርሳስ ፍለጋ ወደ ግምጃ ቤት ወረዱ። መሳቢያቸው እርሳስ ሞልቷል።

እዚህ ላይ አንድ የደበቅኋችሁን ነገር ልናዘዝ። እትዬ ሁልጊዜ የዕቃ ኃላፊ አልነበረችም። ዘንግ ያዥ ነበረች፤ የኔ ዘንግ ያዥ። አሥራ አንድ ዓመት ከማዶ የቆመችልኝ እሷ ናት። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ እኔ ጎበዝ ነኝ ባይ፣ ሻይ ብቻ ጠጥቼ ዳገት ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ላይ መሣሪያው ላይ ዓይኔን እንደሰካሁ ዓለም ጨለመችብኝና ተዘረርኩ። ዘንጓን ጥላ ከማዶ እየሮጠች መጣች። ደግፋኝ፣ ሲያቅተኝ ተሸክማኝ፣ እስከ መኪናው አወረደችኝ። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ቅቅል እንቁላል እያበላችኝ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። በዓመቱ ጉልበቷ ታመመ፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ ዳገት የለም አላት። ግምጃ ቤት የገባች ሰኞ የመጀመሪያውን ማፊን ይዛ መጣች። «እኔ ባልወጣ እሷ ትውጣላችሁ» አለች። ስቀን ነበር። እኔም ስቄያለሁ፣ እግዜር ይይልኝ።

ሦስተኛው ሰኞ ሳይነጋጋ ተነስቼ፣ ሰው ሳይገባ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስሸመድድ ነበር። ከዚህ በላይ ጓደኛዬን ማጣት አልፈለግኩም፤ ነገሩ የማፊን ጉዳይ አልነበረም።

የግምጃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ሳየው ወለሉ መሃል ላይ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ተተክሏል፣ ከነመሣሪያው። ግራ እግሩ ሥር ሳህን አለ፣ ሳህኑ ላይ ማፊን። እትዬ የታመመ እግሯን ዘርግታ የቦቲ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች፤ በአንድ እጇ ማስመሪያ፣ በሌላው ሰዓት ይዛለች።

«እትዬ...» አልኩ።

«ዝም! አትራመድ፣ ወለሉ ይነቃነቃል!»

በአንድ እግሬ ቆምኩ። ማፊኗ ቀስ እያለች ተጨፈለቀች፤ የብረቱ ጫፍ ውስጧ ገብቶ ሳህኑን ቀጭ አደረገው።

«ሰመጠ!» ብላ ጮኸች። «ሰመጠ! አርባ ሰከንድ አልሞላም! አየህ አይደል? ሰመጠ!»

እግሬን አወረድኩ። የሸመደድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብቻ አልኩ።

ፈገግታዋ ጠፋ። «ተቀይሜሃለሁ» አለችኝ ፊት ለፊት። «ልዋሽህ አልችልም። ቅዳሜና እሑድ አልቅሻለሁ። እኔ ለልጆቹ ብዬ ስለፋ እነሱ ከብረት ሥር ያደርጉታል አልኩ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ አራት ዓመት ሙሉ ‹እጅሽ ይባረክ፣ እጅሽ ይባረክ› ስትሉኝ ከረማችሁ። አንዳችሁም እውነቱን አልነገራችሁኝም። የነገረኝ ያ ደብተር ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል! አልሰመጠም! ይሄ ምግብ ነው?»

«ለምን ታደርቂው ነበር ታዲያ?» አልኳት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

አየችኝ። አለማወቄ የገረማት ይመስላል።

«የመጀመሪያዋ ሰኞ ማፊን ለስላሳ ነበረች» አለች። «ኪስህ ከተትካት። ማታ ቁልፍ ልትመልስ ኪስህን ስትገለብጥ ፍርፋሪ ብቻ ወጣ። አንዲት ነገር አልበላህም። ባዶ ሆድህን ዳገት ወጥተህ ዋልክ። እንደዚያን ቀን ብትወድቅስ? ማን አለ የሚያነሳህ? እኔ እዚህ ነኝ፣ ቦቲ ስቆጥር። ስለዚህ ኪስህ ውስጥ እንዳትፈረፈር ማድረቅ ጀመርኩ። ዝኩኒውን በጨርቅ ጨምቄ ውኃውን አወጣሁ። እሳት ላይ አቆየኋት። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ስጨምር፣ ስጨምር...» ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔም ጥርሴ አይችላትም ነበር። ግን አትፈረፈርም።»

ሃምሳ ሊሞላኝ ሦስት ዓመት የቀረኝ ሰውዬ ነኝ፤ ደግሜ የጎማ ቦቲ መቁጠር ጀመርኩ። ለውሻ የወረወርኩት፣ አራት ዓመት ሙሉ ከመኪና ወንበር ሥር የተጠራቀመው፣ ያ ሁሉ ድርቀት ለኔ ኪስ ነበር!

«አሁን ለስላሳዋ ትፈረፈራላ» አልኩ።

ይህን ስትጠብቅ ነበር። ብድግ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ከመደርደሪያው ቢጫ ሣጥን አወረደች። ርቀት የምንለካባቸው አንጸባራቂ መስተዋቶች ይቀመጡበት የነበረ ሣጥን ነው፤ ውስጡ በስፖንጅ ተሞልቶ ስድስት ክብ ጉድጓድ አለው። መስተዋቶቹ ባለፈው ዓመት ተሰብረው ሣጥኑ ባዶውን ቀርቷል። ከፈተችው። በየጉድጓዱ አንዳንድ ማፊን፣ ልክ ልካቸውን ገብተዋል። ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ በራሷ እጅ «በመሣሪያ ሣጥን ምግብ ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሹፌሩ አንድ ቀን ሙዝ አስቀምጦ ለአለቃ ከስሳዋለች! ጽሑፉን አየሁ፤ እሷን አየሁ።

«ቅጽ ሙላ» አለችኝ። «አንድ ሣጥን፣ ስድስት ማፊን። ሣጥኑ ተመላሽ ነው። አሁን ግመጣት፣ ዓይኔ እያየ!»

ገመጥኩ። ለስላሳ ናት፤ ውስጧ ዝኩኒውና አይቡ ረጥቧል፣ ካሮቱ ይታኘካል። ዓይኗ አፌ ላይ ነው። ስውጥ አብራ ዋጠች። ቅንድቧ ከፍ አለ። «እጅሽ ይባ...» ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ መለስኩት።

«ጨው ያንሳታል» አልኩ።

ፊቷ እንዲያ ሲበራ በአራት ዓመት አይቼው አላውቅም። ከጆሮዋ ጀርባ እርሳሷን መዘዘች።

«በምን ያህል?» አለች።

«ቁንጥር።»

«ለአንድ ጋገራ፣ ለአሥራ ሁለቱ ነው ወይስ ለአንዷ?»

እንዲህ ነው የሰው ሥራ የሚከበረው ለካ። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ኪሳችንን የምንገለብጥበት ምክንያት አልነበረም። ዘንግ ያዡ ሣጥኑን ከመሣሪያው የበለጠ ተጠንቅቆ ይሸከመው ነበር። ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ ዳገቱን አብሮን መውጣት ጀመረ፤ ሣጥኑ ካለበት ስለማይለይ ነው። እኔም በሥራ ሕጌ መሠረት ምርመራው ላይ ጻፍኩ፦ «ነጥብ 1። ማፊን፣ ሁለት ተበልቷል። ለስላሳ። ጨው አነስ ይላል። ልኬቱ በየሰኞው መደገም አለበት።»

ዓርብ ደብተሩን ሳስረክብ፣ ለማመሳከር አንድ ቁጥር ስለፈለግኩ የቀድሞውን ደብተር ከመደርደሪያው አወረደችልኝና ባትሪ ልትሰካ ዞረች። የምፈልገው ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው። ነጥብ አሥራ አራት። የኔ ጽሑፍ እንዳለ ነው፣ አልተፋቀም፣ አልተሰረዘም። ከሥሩ ግን በእርሳስ፣ በእሷ እጅ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ፊርማ አለው፣ ቀን አለው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አየሁት። ተሳስቼ አይደለም፤ ደብተሩን ዘግታ «ደህና ዋል» ብላ የሸኘችኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ልታለቅስ የሄደችበት ያ ዓርብ ነው።

«ሳንቃ አይረሳ። ማፊኗ ለሰው ናት፤ ሳይበሉ እንዳይውሉ» ይላል።